በሃምሳ ሺህ ሯጮች መካከል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው። አበበ ቢቂላን ከጃቶ፣ ጌጤ ዋሚን ከጫጫ ያፈራ አገር ስለ ማራቶን ቢጠይቅ አያስገርምም፤ የሚያስገርመው የጥያቄው ዓይነት መለወጡ ነው። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ነጋዴ ናቸው፤ ማሸነፍን አላሰቡም፤ የሚያሳስባቸው ግን አበበን ከቶ ያላሳሰበው ነገር፣ የሰዉ ብዛት ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ በመነሻው መስመር ላይ የቆሙት በጠቅላላው 69 ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በበርሊን፣ በለንደን ወይም በኒው ዮርክ በአንድ ቀን ማራቶን የሚጨርሰው ሰው ከ50,000 ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ስሆን ዕድሜዬ 41 ነው። ማለዳ ማለዳ በአንኮበር መንገድ እሮጣለሁ። ዘንድሮ የበርሊን ማራቶን ዕጣ ስለወጣልኝ፣ እዚያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ለመሮጥ እየተዘጋጀሁ ነው፤ ሐሳቤም በ4 ሰዓት መጨረስ ነው። የሚያስጨንቀኝ የሰዉ ብዛት ነው። አዲስ አበባ በታላቁ ሩጫ ስሳተፍ ከመስቀል አደባባይ ከተነሣን በኋላ ለረዥም ጊዜ የሠራሁት ሥራ መሮጥ ሳይሆን መጋፋት ነበር። በርሊንም እንዲሁ ከሆነ ሰዓቴ አይበላሽም ወይ? ሲመዘገቡ ከእውነተኛው የፈጠነ ሰዓት ሞልተው ከፊት የሚቆሙ ሰዎች እንዳሉም ሰምቻለሁ፤ እኔስ እንደዚያ ባደርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነውና። አያድርጉት። ሲመዘገቡ የሚሞሉት ሰዓት የሚቆሙበትን ምድብ የሚወስን ነው። በ4 ሰዓት የሚጨርስ ሰው በ3 ሰዓት ተኩል ከሚጨርሱት ጋር ቢቆም፣ እርሱ ከአቅሙ በላይ ተጎትቶ ይደክማል፤ ከኋላው ያሉትም እርሱን ለማለፍ ይጋፋሉ። እንዲያውም በትላልቆቹ ማራቶኖች ሯጩ ሁሉ የሚያማርርበት መጨናነቅ፣ በእኔ ግምት፣ ከመንገዱ ጥበት ይልቅ የሚመጣው ራሳቸውን ፈጣን አድርገው ካስመዘገቡ ሰዎች ነው።

ሰዓትዎ ይበላሻል ወይ ለሚለው፣ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሯጮቹ የሚለቀቁት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየምድባቸው ነው፤ የመጀመሪያው ምድብ ከተነሣ በኋላ የመጨረሻው እስኪነሣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያልፍ ይችላል። ይሁን እንጂ በጫማዎ ወይም በደረት ቁጥርዎ ላይ ያለው ቺፕ (ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ መለያ) መቁጠር የሚጀምረው እርስዎ ራስዎ የመነሻውን ምንጣፍ ሲረግጡ ስለሆነ፣ ቆመው የጠበቁት ጊዜ አይታሰብብዎትም። የሚታሰበው ምንጣፉን ካለፉ በኋላ ሰው መንገድ ዘግቶብዎት የዘገዩት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሚፈሩት ያነሰ ነው። ሒሳቡን እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። 42.195 ኪሎ ሜትርን በ4 ሰዓት ለመጨረስ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ግድም መሮጥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች 2 ሙሉ ደቂቃ ቢያጡ፣ የቀረዎት ከ37 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፣ በየኪሎ ሜትሩ ከ3 ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ማፍጠን ያጡትን ሁሉ ይመልስልዎታል፤ ይህን ያህሉ ትንፋሽዎን እንኳ አይለውጠውም። ያንኑ 2 ደቂቃ በሚቀጥሉት 2 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ለማስመለስ የሚጣደፍ ሰው ግን ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ መሮጥ ይኖርበታል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው።

ሌላው ኪሳራ በሰው መሃል ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ማለፍ ነው። እንዲህ ሲሮጥ የዋለ ሰው በመጨረሻ 400 ሜትር ተጨማሪ መንገድ ቢሮጥ፣ በእርስዎ ፍጥነት ይህ ብቻውን ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ በየመታጠፊያው መፍጠንና መልሶ መግታት የሚያባክነው ጉልበት ደግሞ ለብቻው የሚቆጠር ነው። በርሊን ላይ በአስፋልቱ ላይ የተቀባ ሰማያዊ መስመር ያያሉ፤ አጭሩን መንገድ የሚያመለክት ነው። መስመሩን ለመርገጥ አይጋፉ፣ ሌላው ሁሉ እዚያው ላይ ነውና፤ ወደ መታጠፊያ ሲቃረቡ ግን አስቀድመው ቀስ በቀስ ወደ ውስጠኛው ጎን ይጠጉ።

ለእርስዎ የምፈራው ከመዘግየት ይልቅ መፍጠንን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ግድም ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። በርሊን ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለች ሜዳማ ከተማ ናት። በአንኮበር መንገድ የሚያስለከልክዎት ፍጥነት በዚያ ጠዋት የእግር ሽርሽር ይመስልዎታል፤ ሙዚቃው፣ ጭብጨባውና አብሮዎት የሚጎርፈው ሰው ሲጨመርበት ደግሞ አምስተኛውን ኪሎ ሜትር ሳያውቁት በማይገባዎት ፍጥነት ያልፉታል። ትንፋሹ ቢገኝም የጭንና የባት ጡንቻዎ ግን ያንን ፍጥነት በልምምድ አያውቀውም። ስለዚህ ከፊትዎ ያለው ሰው ሲያዘገይዎት እንደ ልጓም ቆጥረው ይታገሡት። ቢቻል በክረምቱ መጨረሻ፣ መንገዱ ሲመች፣ አንዳንዱን ረዥም ልምምድ ጣርማ በርን ወርደው፣ ደብረ ሲናን አልፈው፣ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ያድርጉት። እግርዎ የውድድሩን ፍጥነት፣ ሰውነትዎም ሙቀትን ይለማመዳል። የበርሊን መስከረም ብዙውን ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ሁልጊዜ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሯጮቹን ያደከማቸው ሙቀቱ ነበር።

ታላቁ ሩጫን እንደ ክፉ ልምድ መቁጠርዎን ግን አልወደድኩትም። ኃይሌ ገብረሥላሴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀምሩት በዓል እንዲሆንም ጭምር አስበው ነው፤ የሚጨፍረውንና ቆሞ ፎቶ የሚነሣውን ሕዝብ እየገፉ ሰዓት ማስመዝገብ ከቶም አይቻልም። ተሰልፎ ሳይበሳጩ መጠበቅን፣ ክንድን ወደ ጎን ሳይዘረጉ መሮጥን፣ ጫማ ሲፈታ በድንገት ባሉበት ከመንበርከክ ይልቅ እጅ አሳይቶ ወደ ዳር መውጣትን ለመማር ግን ከእርሱ የተሻለ ስፍራ በአገራችን አይገኝም። በርሊን ላይ ይህንኑ ሥርዓት በተለይ የሚፈልጉት በውኃ ማደያዎች አጠገብ ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ይሻማል፣ ባዶ ኩባያ በአስፋልቱ ላይ ተበትኖ ያንሸራትታል፤ እርስዎ እነዚያን አልፈው ከመጨረሻዎቹ ጠረጴዛዎች ይውሰዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። በመንገዱ ዳር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራ የያዙ ወገኖች አይጠፉም። «አይዞህ! በርታ!» ሲሉዎት እጅዎን ያንሡላቸው፤ ፍጥነትዎን ግን አይጨምሩላቸው። በመጨረሻም የብራንደንቡርግን በር ሲያዩ ያለቀ እንዳይመስልዎት፤ መጨረሻው በሩን አልፈው ጥቂት መቶ ሜትሮች ከሮጡ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደብረ ሲና ነው፤ የጤና መኮንን ነኝ። ኒው ዮርክ ከምትኖረው ታላቅ እኅቴ ጋር አብረን የከተማዋን ማራቶን ለመሮጥ አስበናል። እርሷ ባለፈው ጊዜ ስትሮጥ ከመነሻው አስቀድማ በብርድ ለሰዓታት መቀመጧን፣ ለመጸዳጃ ቤትም ረዥም ሰልፍ መሰለፏን፣ ሩጫው ሲጀመር አስቀድማ ደክሟት እንደነበር ነግራኛለች። በየውኃ ማደያው ሳላልፍ እንድጠጣም መክራኛለች። በ5 ሰዓት ግድም እንጨርሳለን ብለን እንገምታለን። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እኅትዎ ስለ ጥበቃው የነገረችዎ እውነት ነው። ያ ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጀመር 127 ሰዎች ተነሥተው 55 ብቻ የጨረሱበት፣ በአንድ መናፈሻ ውስጥ የሚዞር ሩጫ ነበር። ከ1976 ወዲህ አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች ስለሚያዳርስ፣ ሯጩ ሁሉ አስቀድሞ በመርከብና በአውቶቡስ መነሻው ወዳለበት ስታተን ደሴት ተጓጉዞ በዚያ ተራውን ይጠብቃል። ጊዜው የኅዳር መግቢያ ግድም፣ በእነርሱ የመጸው ወቅት ነው፤ ስፍራውም ነፋስ ያገኘዋል። የጣርማ በርን ብርድ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም፤ ነገር ግን በዚያ ብርድ ተቀምጦ መንቀጥቀጥ ራሱ ጉልበት ይጨርሳል። ሊጥሉት የማያሳዝንዎትን አሮጌ ሹራብ፣ ሱሪና፣ ካለም ያረጀ ነጠላ ጋቢ ደርበው ይሂዱ፤ የሚቀመጡበት ላስቲክም ይያዙ። በመነሻው የሚጣለው ልብስ ተሰብስቦ ለበጎ አድራጎት ስለሚሰጥ አባከንኩ ብለው አይቆጩ። በመጠበቅ ላይ ሳሉ አይዘዋወሩ፤ ለቁርስም በልምምድ የለመዱትን ይብሉ፤ በሶ ከለመዱ በሶ ይሁን፤ በነጻ የሚታደለውን አዲስ ነገር ሁሉ ለመቅመስ ያ ጠዋት ተገቢ ጊዜ አይደለም።

ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ሳይቸግርዎ ይሰለፉ። ስፍራው እንደደረሱ አንድ ጊዜ፣ ወደ ምድብዎ ከመግባትዎ በፊት ደግሞ ሁለተኛ። ሩጫው ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ያሉት መጸዳጃዎች ዘንድ ሰልፉ ይረዝማል፤ ጥቂት ከታገሡ ከዚያ በኋላ ያሉት ብዙ ጊዜ ባዶ ሆነው ይገኛሉ።

ስለ ውኃው ግን ከእኅትዎ አልስማማም፤ እርስዎም በሙያዎ ምክንያቱን ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከጨረሱ ሯጮች መካከል 488ቱ ደማቸው ሲመረመር 13 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሶዲየም (በደም ውስጥ ያለው የጨው ንጥረ ነገር) መጠን ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ለአደጋው በይበልጥ የተጋለጡት ከ4 ሰዓት በላይ የሮጡትና በመንገድ ብዙ ከመጠጣታቸው የተነሣ ከመነሻው ይልቅ በመጨረሻው ክብደት ጨምረው የተገኙት ናቸው። በ5 ሰዓት የሚጨርስ ሯጭ ከፈጣኖቹ ይልቅ ለመጠጣት ብዙ ጊዜ ያገኛል፣ የሚያልበው ግን በዝግታ ነው። ጥም ሲሰማዎ ይጠጡ፤ ሳይጠማዎ የቀረበልዎትን ኩባያ ማለፍ ጥፋት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ከመጣ ደግሞ ሁሉንም የውኃ ጥማት አድርጎ ተጨማሪ ውኃ መጋት አደገኛ ነው፤ ወደ ሕክምና ድንኳኑ መግባት ይገባል።

መንገዱን በሚመለከት ይህን ብቻ ልበል። ከመነሻው ጀምሮ በቬራዛኖ ድልድይ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ሰዉም የሚበዛው እዚያው ነው፤ ስለዚህ ያን ዳገት ቢራመዱት እንኳ ምንም አይጎድልብዎትም። 25ኛው ኪሎ ሜትር ግድም የኩዊንስቦሮ ድልድይ ይመጣል፤ በዚያ ተመልካች ስለሌለ የሚሰማው የጫማ ድምፅ ብቻ ነው። ከድልድዩ ወርደው አንደኛው ጎዳና ሲገቡ የሚቀበልዎት ጩኸት ግን ሰውን ሳያስበው ያስሮጣል፤ ብዙ ሯጭ ቀኑን የሚያበላሸውም በዚያ ነው፤ ገና 16 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የአምስተኛው ጎዳናና የሴንትራል ፓርክ ዳገቶችም ጭምር ይቀራሉ። ጌጤ ዋሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በርሊንን ባሸነፈች በአምስተኛው ሳምንት ኒው ዮርክ ሮጣ፣ እንግሊዛዊቷን ፓውላ ራድክሊፍን እስከ ሴንትራል ፓርክ ድረስ ተከትላ በ23 ሰከንድ ብቻ ተበልጣ ሁለተኛ የወጣችው በእነዚሁ ዳገቶች ላይ ነው። ከእኅትዎ ጋር አብራችሁ ለመሮጥ ከወሰናችሁም፣ ብትጠፋፉ ሁለታችሁም ሳትፈላለጉ እንድትቀጥሉ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በዚያ ሕዝብ መካከል ቆሞ ሰው መፈለግ ለራስም ለሌላውም ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት በንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ። አውሮፓ ውስጥ በአንድ ትልቅ ከተማ ማራቶን ሮጬ ስጨርስ የእጅ ሰዓቴ 42.8 ኪሎ ሜትር አሳየኝ። አዘጋጆቹ መንገዱን አስረዝመውት ነው ወይስ የእኔ ሰዓት ተበላሽቷል?

መልስ፦ ከሁለቱ አንዱም ላይሆን ይችላል። የተመሰከረለት የማራቶን መንገድ የሚለካው ጎማው በጥንቃቄ የተስተካከለ ቆጣሪ ባለው ብስክሌት ነው፤ ለኪውም በየመታጠፊያው ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ሊሮጥ የሚቻለውን አጭሩን መስመር ይከተላል። መንገዱ በስሕተት አጥሮ እንዳይገኝ ደግሞ ከሺህ አንድ እጅ፣ ማለትም 42 ሜትር ያህል ይጨመርበታል። እርስዎ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያንን አጭር መስመር መከተል አይችሉም፤ መታጠፊያውን በውጭ በኩል ዞረው፣ ወደ ውኃው ጠረጴዛ ተሻግረው፣ የቆመን ሰው ከበው ያልፋሉ። እነዚህ ተደማምረው ጥቂት መቶ ሜትር ቢሆኑ አያስደንቅም። የቀረውን የሰዓትዎ ስሕተት ሊሞላው ይችላል፤ የሳተላይቱ ምልክት በረዣዥም ሕንፃዎች መካከል እየነጠረ፣ በዋሻ ውስጥም እየተቋረጠ ስለሚደርሰው ያልሄዱበትን መንገድ ይቆጥርልዎታል። ስለዚህ በትልቅ ከተማ ስትሮጡ የእጅ ሰዓቱ በየኪሎ ሜትሩ የሚነግራችሁን ፍጥነት ትታችሁ፣ በመንገዱ ላይ የተተከለውን የኪሎ ሜትር ምልክት ባለፋችሁ ቁጥር ያለፈውን ጊዜ ማየት የበለጠ ያስተማምናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የጫጫ ልጅ ነኝ፤ 19 ዓመቴ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከጓደኞቼ ጋር ልምምድ እሠራለሁ። ጓደኛዬ አውሮፓ ውስጥ ትልቅ ማራቶን በዕጣ ገብተን ከሕዝቡ መሃል ተነሥተን ብዙ ሰው ብንቀድም ማናጀር ያየናል ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ልጄ። ለሽልማት የሚፎካከሩት በግብዣ የመጡት ናቸው፤ እነርሱም ከሕዝቡ ፊት፣ ከአሯሯጮቻቸው ጋር ይነሣሉ። የእነርሱ ደረጃ የሚወሰነው ከማስጀመሪያው ተኩስ ጀምሮ በሚቆጠረው ሰዓት ነው፤ አንተ ከኋላ ተነሥተህ አሥር ሺህ ሰው ብትቀድምም ቺፑ የሚሰጥህ ሰዓት ለራስህ መዝገብ ነው። በዚያ ላይ በሰው መሃል የምታባክነው ጉልበት እውነተኛ አቅምህን ይደብቀዋል። ማናጀሮቹ የሚመለከቱት እዚሁ አገር ውስጥ በክለቦችና በሻምፒዮናዎች የሚመዘገበውን ውጤት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ለማራቶን አትቸኩል። የአገርህ ልጅ ጌጤ ዋሚ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዳ፣ በ1999 በዚያው ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆና፣ በአገር አቋራጭም ዓለምን አሸንፋ፣ ማራቶንን አምስተርዳም ላይ ያሸነፈችው በ2002 ነበር። ለጊዜው ክለብ ፈልግ፤ አሠልጣኝህንም ስማ።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ነዋሪ የሆንኩ እናት ነኝ። ልጄ ለንደን ላይ ማራቶን ሲሮጥ እኔም እርሱ ዘንድ እሆናለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንዴት አየዋለሁ፣ ሲጨርስስ የት እናገኘዋለን?

መልስ፦ እናቴ፣ እርስዎ እርሱን ከሚፈልጉት ይልቅ እርሱ እርስዎን እንዲያገኝ ቢደረግ ይቀላል። ከመነሻው ቀን በፊት የሚቆሙበትን የኪሎ ሜትር ቁጥርና የመንገዱን ጎን፣ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን ይስማሙ። ደመቅ ያለ ጥለት ያለው ነጠላ ቢለብሱ ከሩቅ ይለይዎታል። ታወር ብሪጅ በሚባለው ድልድይ ላይ ሰው እጅግ ስለሚበዛ እርሱን ተዉትና ተመልካች የሳሳበትን ስፍራ ይምረጡ። ሲጨርሱ ደግሞ በብዙዎቹ ትላልቅ ማራቶኖች ቤተ ሰብ የሚገናኝበት፣ በላቲን ፊደላት የተከፋፈለ ስፍራ ይዘጋጃል፤ ሰዉም በቤተ ሰብ ስሙ የመጀመሪያ ፊደል ሥር ይቆማል። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንምና፣ ልጅዎ በፓስፖርቱ መሠረት በአያቱ ስም ተመዝግቦ ሳለ እርስዎ በአባቱ ስም ፊደል ሥር ቆመው እንዳይጠባበቁ፣ አንዱን ፊደል አስቀድማችሁ ምረጡ። በወረቀት ላይ ጽፎ ይስጥዎ፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲደውል ስልኩ ላይሠራ ይችላል።